የኤሊ እንቁላል ያስገኘው ሉዓላዊነት፤ የሲፓዳን ደሴት ጉዳይ

ሲፓዳን በካርታ ላይ ነጥብ እንኳ የማታህል ደሴት ናት። ስፋቷ 0.13 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ዙሪያዋን በእግር ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። የምትገኘው በሴሌቤስ ባሕር፣ ሳባህ ከተባለችው የማሌዥያ ግዛት ምሥራቃዊ ጠረፍ ማዶ፣ ከሴምፖርና ከተማ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ነው። ይህች ኩርማን መሬት ባለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ሁለት ጎረቤት አገሮችን ፍርድ ቤት አቁማለች፣ የታጠቁ ጠላፊዎች ወረውባታል፣ ሆቴሎቿም በመንግሥት ትእዛዝ ተነቅለዋል። ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ በጁን 2025 ጃካርታ ላይ በዚያው አካባቢ ያለውን የባሕር ሀብት በጋራ ለማልማት ሲስማሙ ደግሞ የእሷም ስም እንደገና መነሳቱ አልቀረም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።)

ለመሆኑ አገር የሚያጣላ ምን አላት? ነዳጅ አልተገኘባትም፣ ወደብ አይሆንባትም፣ እርሻም የላትም። ያላት ከውኃው በታች ነው። ሲፓዳን በጠፋ እሳተ ገሞራ ጫፍ ላይ ለብዙ ሺሕ ዓመታት የተደራረበ ኮራል የሠራት ደሴት ናት፤ ከባሕሩ ወለል 600 ሜትር ያህል ቀጥ ብላ የወጣች ዓምድ ብንላት ይቀላል። በመሆኑም ከባሕር ዳርቻዋ ጥቂት እርምጃ እንደተራመዱ ጉልበት የሚደርሰው ውኃ ድንገት ያበቃና ገደል ይመጣል። ይህ ስፍራ «ድሮፕ ኦፍ» ይባላል። በጀርባው የአየር ሲሊንደር ያዘለ ጠላቂ ከአሸዋው ተነሥቶ፣ ጀልባ ሳያስፈልገው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ታቹ በማይታይ ግድግዳ አጠገብ ተንሳፎ ይገኛል። (ሲሊንደሩን ብዙ ሰው የኦክስጅን ጋን ይለዋል። ለመዝናኛ የሚጠልቀው ሰው የሚተነፍሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ እኔና እርስዎ የምንተነፍሰውን ተራ አየር ነው፤ ልዩነቱ መታመቁ ነው።) ለመዝናኛ ጠላቂ የተፈቀደው ጥልቀት ከ40 ሜትር አያልፍም። ስለዚህ ጎብኚው ገንዘብ ከፍሎ የሚያየው የግድግዳውን ጫፍ ብቻ ነው ማለት ነው።

በደሴቷ ዙሪያ ስም የወጣላቸው የመጥለቂያ ስፍራዎች ደርዘን ያህል ናቸው። በሰሜን በኩል «ባራኩዳ ፖይንት» አለ። በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጡ የባራኩዳ ዓሣዎች እንደ ዐውሎ ነፋስ እየተሽከረከሩ ከጠላቂው በላይ ፀሐይ የሚጋርዱበት ቦታ ነው። በደቡቡ ጫፍ፣ «ሳውዝ ፖይንት» በተባለው፣ ሞገዱ ኃይለኛ ስለሆነ ልምድ ያላቸው ጠላቂዎች መዶሻ መሰል ራስ ያላቸውን ሻርኮች ፍለጋ ይወርዳሉ። «ሀንጊንግ ጋርደንስ» ከግድግዳው ላይ እንደ ሐረግ በተንጠለጠሉ ለስላሳ ኮራሎች ይታወቃል። ከሁሉም ይልቅ ስሙ የሚያስደነግጠው ግን በድሮፕ ኦፍ አጠገብ፣ 20 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ የሚከፈተው ዋሻ ነው፤ የኤሊዎች መቃብር ይሉታል። ውስጡ ጨለማና ጠመዝማዛ ነው። የባሕር ኤሊ እንደ ዓሣ በውኃ ውስጥ አትተነፍስም፣ አየር ለመሳብ ወደ ላይ መውጣት አለባት፤ መውጫው የጠፋባቸው ኤሊዎች እዚያው ሰምጠው አጥንታቸው ቀርቷል። ፈረንሣዊው ዣክ ኢቭ ኩስቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ከኤሚል ጋኛን ጋር የዘመናዊውን የመጥለቂያ መተንፈሻ የሠራው ሰው፣ በ1989 ስለዚህ ስፍራ ኤሊዎች ፊልም አውጥቶ ነበር። ደሴቷን የዓለም ጠላቂዎች ሁሉ ያወቋት በዚያ ፊልም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ጸሐፊ ዋና እንኳ የማይችል፣ ላንጋኖ ሲወርድ ከወገቡ በታች የሚረካ ሰው መሆኑን መደበቅ አያስፈልግም። ሲፓዳን የሳበችኝ በዓሣዎቿ ሳይሆን በክርክሩ መዝገብ ነው።

ጉዳዩ የጀመረው በ1969 ነው። ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ የአህጉር መደባቸውን ወሰን ለመለየት ሲደራደሩ ሲፓዳንና ጎረቤቷ ሊጊታን የማን እንደሆኑ አለመታወቁ ታወቀ። ለጊዜው በይደር አቆዩት። ከዚያ 1980ዎቹ መጡና በማሌዥያ በኩል ደሴቷ ላይ የጠላቂዎች ማረፊያ ተሠራ። ኢንዶኔዥያ ተቆጣች። በመጨረሻም በ1997 ሁለቱ አገሮች ጉዳዩን ወደ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ለመውሰድ ተፈራረሙ። በእኔ እምነት ሁለቱም መንግሥታት ሊመሰገኑ የሚገባቸው በዚህ ነው፤ በጎረቤታሞች መካከል ስለ ደሴት የሚነሳ ጠብ እንዲህ በቀላሉ ወደ ዳኛ አይሄድም።

ኢንዶኔዥያ የያዘችው ሰነድ እንግሊዝና ኔዘርላንድ በ1891 የተፈራረሙት ውል ነበር። ውሉ በቦርኒዮ ደሴት ላይ በ4 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስ መስመር ያሰምራል። ሁለቱም ደሴቶች ከዚያ መስመር በስተደቡብ ናቸው። መስመሩ ወደ ባሕሩ ይቀጥላል ከተባለ የኢንዶኔዥያ ይሆናሉ፤ የሴባቲክ ደሴት ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ ይቆማል ከተባለ ግን ውሉ ስለ እነርሱ የሚለው ነገር የለም። ዳኞቹ ይቆማል አሉ። ማሌዥያ በበኩሏ ከሱሉ ሱልጣን ወደ ስፔን፣ ከስፔን ወደ አሜሪካ፣ ከአሜሪካ ወደ እንግሊዝ፣ ከእንግሊዝም ወደ እኔ በቅብብሎሽ ደርሶኛል ያለችውን የባለቤትነት ሰንሰለት ዘረጋች። እሱንም ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ሁለቱም ወገኖች ትልቁን ሰነዳቸውን አጥተው ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

ታዲያ በምን ተፈረደ? በኤሊ እንቁላል። የእንግሊዝ የሰሜን ቦርኒዮ አስተዳደር ከ1914 ጀምሮ በደሴቶቹ ላይ የኤሊ እንቁላል አሰባሰብን ይቆጣጠር ነበር፤ በ1917 የኤሊ ጥበቃ ደንብ አወጣ፤ እንቁላል ሰብሳቢዎች ሲጣሉ የአስተዳደሩ ሹማምንት ይዳኟቸው ነበር፤ በ1933 ሲፓዳን የአእዋፍ መጠበቂያ ተብላ ተከለለች። በ1962 በሲፓዳን፣ በ1963 ደግሞ በሊጊታን የመርከብ መብራት ማማ ተተከለ። ፍርድ ቤቱ እነዚህ ተግባሮች በቁጥር ጥቂት መሆናቸውን አልካደም። ነገር ግን ሕግ ማውጣትን፣ ማስተዳደርንና መዳኘትን የሚያካትቱ፣ ረጅም ጊዜ የቆዩ፣ ሌላው ወገንም ተቃውሞ ያላሰማባቸው ናቸው ሲል በዲሴምበር 17 ቀን 2002 በ16 ለ1 ድምፅ ሁለቱንም ደሴቶች ለማሌዥያ ሰጠ።

ኢንዶኔዥያ በተግባር አስተዳድሬያለሁ ለማለት ያቀረበችው የኔዘርላንድ የጦር መርከብ በ1921 በአካባቢው ያደረገችውን ቅኝትና የዓሣ አጥማጆቿን መመላለስ ነበር። ዳኞቹ የግለሰቦች ሥራ በመንግሥት ደንብ ወይም ሥልጣን ካልተደገፈ የሉዓላዊነት ማስረጃ አይሆንም አሉ። ከሁሉ የከፋው ግን ኢንዶኔዥያ ራሷ በ1960 የባሕር ክልሏን ስትደነግግ ሲፓዳንንና ሊጊታንን በመስመሯ ውስጥ አለማስገባቷ ነው። የገዛ ሕግን የመሰለ ጠላት የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ለጠቡ መባባስ ምክንያት የሆነው የጠላቂዎች ሪዞርት ለፍርዱ አንዲት ጠብታ አልጨመረም። ክርክሩ ከተጀመረ ከ1969 በኋላ የተሠራ ነገር ማስረጃ አይሆንምና። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ሆቴል ዋጋ አጣ፤ ስማቸው እንኳ በቅጡ የማይታወቅ የበታች ሹማምንት የጻፏት የፈቃድ ወረቀት አገር አስገኘች።

የእኛ አንባቢ ይህን ሲያነብ ትዝ የሚለው ነገር መኖሩ አይቀርም። በዚያው በ2002 ኤፕሪል 13 ቀን፣ በዚያችው በሄግ ከተማ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን ውሳኔውን አሰምቷል። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ኤሊሁ ላውተርፓክት ያንኑ ዓመት በሲፓዳን ክርክር ለማሌዥያ ጠበቃ ሆነው ቀርበዋል። የእኛው ጉዳይ በ1900፣ በ1902ና በ1908 ውሎች ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ከሲፓዳን ይለያል። ሆኖም ኮሚሽኑ ዛላንበሳን ለኢትዮጵያ፣ ጾሮናን ለኤርትራ ያለው ውሉን ብቻ ተከትሎ ሳይሆን ከውሉ በኋላ ቦታውን ማን ያስተዳድር እንደነበር መርምሮ ነው። የወረዳ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ሄግ ድረስ ተጉዞ ይመሰክራል ማለት ነው።

ከዚህም የሚቀርበን የሃኒሽ ጉዳይ አለ። በ1995 ቀይ ባሕር ላይ ኤርትራና የመን በታላቋ ሃኒሽ ደሴት የተታኮሱት አንድ የጀርመን ኩባንያ በየመን ፈቃድ ሆቴልና የባሕር ጠላቂዎች ማዕከል መገንባት ሲጀምር ነበር። እንደ ሲፓዳን ሁሉ እዚህም ክብሪቱን የጫረው ስኩባ ነው። በዲሴምበር ወር ጥይት ተተኮሰ፣ ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ በሜይ 1996 ሁለቱ አገሮች ፓሪስ ላይ ወደ ግልግል ዳኝነት ለመሄድ ሲስማሙ ከፈረንሣይና ከግብፅ ጋር በምስክርነት የፈረመችው ኢትዮጵያ ነበረች። በ1998 የተሰጠው ውሳኔ ሃኒሽንና ዙቀርን ለየመን አደረገ፤ የሁለቱም አገር ዓሣ አጥማጆች እንደ ጥንቱ የማጥመድ መብታቸው እንዲጠበቅም አዘዘ። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ከሲፓዳን ፍርድ ጋር ሳስተያየው የሃኒሽ ዳኞች ለሰው የተሻለ ቦታ የሰጡ ይመስለኛል። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የሲፓዳን ፍርድ ገና ሳይሰጥ፣ በኤፕሪል 23 ቀን 2000፣ የፊሊፒንሱ አቡ ሳያፍ ቡድን ታጣቂዎች በጀልባ መጥተው ከደሴቷ 21 ሰዎች ጠልፈው ሄዱ። 10ሩ የውጭ ጎብኚዎች፣ ቀሪዎቹ የሪዞርት ሠራተኞችና የአካባቢው ባልደረቦች ነበሩ። ታጋቾቹ ወደ ጆሎ ደሴት ተወሰዱ፤ አብዛኞቹም ከወራት በኋላ በሊቢያ አማላጅነት ተለቀቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲፓዳን ከገነትነቷ ይልቅ የጠረፍ ምሽግነቷ አመዘነ። ወታደር ሰፈረባት። በ2004 መጨረሻም መንግሥት በደሴቷ ላይ የነበሩት ሪዞርቶች በሙሉ ለቀው እንዲወጡ አደረገ። የተሰጠው ምክንያት አካባቢ ጥበቃ ነው፤ በ13 ሄክታር መሬት ላይ የሆቴል ፍሳሽና የእንግዳ ብዛት ለኮራሉ መርዝ መሆኑ እውነት ነው። ለፀጥታም ቢሆን ሌሊት ሰው የማያድርባት ደሴት ትቀላለች። እኔ ሁለቱም ምክንያቶች አብረው የሠሩ ይመስለኛል፤ እንደዚያም ሆኖ ውሳኔው ትክክል ነበር።

«ሊያጌጡ ይመላለጡ» እንዲሉ፣ ሆቴሎቹ በወጡ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ፣ በሜይ 2006፣ ደሴቷ ላይ ለጎብኚ ማረፊያ ግንባታ ጠጠር፣ ክሬንና ቡልዶዘር የጫነ ባርጅ ማዕበል ገፍቶት በድሮፕ ኦፍና በባራኩዳ ፖይንት መካከል ያለውን ኮራል ጨፈለቀው። ለጥበቃ ተብሎ ግለሰቦች በተነሱበት ስፍራ መንግሥት ያስፈቀደው ግንባታ ጥፋት አደረሰ። ጩኸቱ ሲበዛ ግንባታው ቆመ።

ዛሬ ሲፓዳን የቀን ጉብኝት ብቻ ናት። በቀን ለ120 ሰው ብቻ ፈቃድ እንዲሰጥ ተወሰነ፤ ቁጥሩ በኋላ ከፍ ብሏል። ፈቃዱ የሚታደለው በአካባቢው ለሚሠሩ ሪዞርቶች ነው። እነርሱም በፊናቸው ሦስትና አራት ሌሊት እነርሱ ዘንድ ላደረ እንግዳ አንድ የሲፓዳን ቀን ጨምረው ይሸጣሉ። የገበያው ብልሃት ይህ ነው፤ ጥቂቱን ቁጥር ያስወደደው ራሱ ጥቂትነቱ ሲሆን፣ ገንዘቡ ግን የሚቀረው ማቡልና ካፓላይ በተባሉት ጎረቤቶችና በሴምፖርና ከተማ ነው። ማቡል አጠገብ አንድ አሮጌ የነዳጅ መቆፈሪያ መድረክ ሳይቀር ወደ ጠላቂዎች ሆቴልነት ተለውጧል። ሥርዓቱ ለሲፓዳን ኮራል ጠቅሟል ባይ ነኝ። ሸክሙ ግን አልጠፋም፣ ቦታ ቀየረ እንጂ፤ ማቡል በሰውና በቆሻሻ ተጨናንቃለች።

ከጥበቃ ክልሉ ውጭ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በሴምፖርና ዙሪያ በጠርሙስ ፈንጂ ዓሣ የማጥመድ ልማድ ለዓመታት አልቆመም። አንድ ፍንዳታ ዓሣውን ብቻ ሳይሆን ኮራሉንም ያደቅቃል፤ ድምፁም በውኃ ውስጥ ሩቅ ስለሚሄድ ጠላቂዎች ደጋግመው ይሰሙታል። በጁላይ 2019 ሁለት ቻይናውያን ጎብኚዎችና አስጎብኚያቸው ባሕር ውስጥ እንዳሉ በዚህ ፍንዳታ ሞቱ። እዚህ ላይ የሚሰጠው የተለመደ መልስ ጥፋቱን በድሆቹ ዓሣ አጥማጆች ላይ ማሳበብ ነው። መሬት የሌለው፣ መታወቂያ የሌለው፣ ለሪዞርት ሥራ የማይቀጠር ሰው ምን ቢበላ ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ከእነርሱ ብዙዎቹ ባጃው ላውት ይባላሉ። በጀልባና በባሕር ላይ በተተከሉ የእንጨት ቤቶች የሚኖሩ፣ በፊሊፒንስ፣ በኢንዶኔዥያና በማሌዥያ ውኃ ላይ ለዘመናት ሲመላለሱ የኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ሲጠልቁ ሲሊንደር አያውቁም፤ ትንፋሻቸውን ይዘው ይወርዳሉ። በ2018 የወጣ ጥናት በኢንዶኔዥያ የሚኖሩት የባጃው ሰዎች ጣፊያ ከየብስ ጎረቤቶቻቸው በ50 በመቶ ያህል እንደሚተልቅና ይህም በትውልድ የወረሱት መሆኑን አሳይቷል። ጣፊያ በጥልቀት ጊዜ ኦክስጅን የያዘ ደም ወደ ሰውነት ይለቃል። የዓለም ጠላቂ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የሚመጣበትን ሥራ እነርሱ በአካላቸው ይዘውት ተወልደዋል።

ከባጃው ሕዝብ መካከል የማሌዥያ ዜጎች የሆኑ ብዙ አሉ። ባሕር ላይ የቀሩት ባጃው ላውት ግን በአብዛኛው አገር አልባ ናቸው፤ የልደት ወረቀት የላቸውም፣ ልጆቻቸው የመንግሥት ትምህርት ቤት አይገቡም። በጁን 2024 የሳባህ ባለሥልጣናት በሴምፖርና ማዶ በሚገኘው ቱን ሳካራን የባሕር ፓርክ ከመቶ በላይ የሚሆኑ ቤቶቻቸውን አፈረሱ፤ የተቃጠሉም ነበሩ። የመብት ተሟጋቾች እንዳሉት ከ500 በላይ ሰዎች መጠለያ አጥተዋል። ባለሥልጣናቱ ያቀረቡት ምክንያት ቤቶቹ ያለ ፈቃድ በፓርክ ውስጥ የተሠሩ መሆናቸውንና ድንበር ዘለል ወንጀልን መከላከል ነው።

ፀጥታው እንዲያው ሰበብ ነው አልልም። በ2013 የሱሉ ሱልጣን ወራሽ ነኝ የሚሉ ሰው ያሰማሯቸው 200 ያህል ታጣቂዎች ላሃድ ዳቱ ላይ አርፈው ደም ፈስሷል፤ በዚያው ዓመት ፖም ፖም በተባለችው ደሴት አንድ ታይዋናዊ ጎብኚ ተገድሎ ባለቤቱ ተጠልፋለች፤ በ2014 ማቡል ላይ አንድ ፖሊስ ተገድሏል። የመንግሥት ሥጋት መሠረት አለው። ጥያቄዬ የማንነት መታወቂያ የከለከልከውን ሕዝብ ማንነቱ አይታወቅም ብለህ ልትጠረጥረው ትችላለህ ወይ የሚል ነው። መዝገብ ላይ ያለ ሰው ለፖሊስም ይቀላል። እኛም ይህን መሰል ነገር በሩቁ አናየውም፤ የጊች ነዋሪዎች በ2016 ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲነሱ የዋልያው መትረፍና የሰዎቹ ኑሮ በአንድ ሚዛን ላይ መውጣታቸውን እናስታውሳለን። ልዩነቱ የጊች ሰው ቢያንስ ዜጋ መሆኑ አላከራከረም።

አሁን ወደ ሄግ መዝገብ ልመለስ። ማሌዥያ የባለቤትነት ሰንሰለቷን ስትዘረጋ ከጠቀሰቻቸው ነገሮች አንዱ ባጃው ላውት ለሱሉ ሱልጣን ታማኞች መሆናቸው፣ ሰው የማይኖርባቸውን ሁለቱን ደሴቶችም በየጊዜው ይጠቀሙባቸው እንደነበር ነው። ፍርድ ቤቱ ታማኝነቱ ኖሮ ሊሆን ይችላል፣ ለመሬት ባለቤትነት ግን አይበቃም አለ። ማሌዥያ በዚህ ነጥብ አልረታችም። ቢሆንም መንግሥት በዓለም ሸንጎ ፊት ይህ ባሕር የእኔ ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ምስክሬ ናቸው ብሎ ስማቸውን ጠርቷል። ሃያ ሁለት ዓመት ሳይሞላ የዚያው ሕዝብ ቤት ያለ ፈቃድ የተሠራ ተብሎ ፈረሰ። የሃኒሽ ዳኞች ዓሣ አጥማጆቹን አስቀድመው ያስታወሷቸው ለዚህ ይሆን እንዴ ያሰኛል። የሲፓዳን ዳኞች እንዲህ ያለ ጥያቄ አልቀረበላቸውም፤ የተጠየቁት ደሴቶቹ የማን ናቸው የሚለውን ብቻ ነው።

ያም ሆኖ ፍርዱ የባሕሩን ወሰን አልለየም። በ2005 በዚያው አካባቢ የነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ ሲሰጥ የሁለቱ አገሮች የጦር መርከቦች ተፋጠው ነበር። ኢንዶኔዥያ አምባላት ትለዋለች፤ በማሌዥያ በኩል ደግሞ በ2025 ስምምነቱ ሲሰማ የሱላዌሲ ባሕር እንጂ አምባላት መባል የለበትም የሚል ክርክር ተነስቷል። በሌላ በኩል የሱሉ ሱልጣን ወራሾች በ2022 በግልግል ዳኝነት ያስወሰኑት 14.9 ቢሊዮን ዶላር ማሌዥያን አስደንግጦ ከቆየ በኋላ በ2024 የፈረንሣይ ሰበር ፍርድ ቤት ለማሌዥያ ወግኖ ወስኗል። የክርክሩ መነሻ የሆነው የ1878 ውልና በየዓመቱ ይከፈል የነበረው 5,300 ሪንጊት ነው። ማሌዥያ ክፍያውን በ2013 አቁማለች።

በሁለቱ መንግሥታት መካከል ያለው የባሕር ወሰን ድርድር ገና አላለቀም። በጃካርታው ስምምነት መሠረት በጋራ ይለማል የተባለው ሀብት የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ የሚነግር መስመር አልተሰመረም። የቱን ሳካራን ፓርክ ተፈናቃዮችም ከድርድሩ ጠረጴዛ ላይ የሉም፤ ለመቀመጥ በመጀመሪያ የአንደኛው አገር ሰው መሆን ያስፈልጋቸዋል።